የመድኃኒት ዋስ

ረውዳ ይማም የጽሑፉን ፈተና በጥር፣ የተግባሩን በመጋቢት አለፈች። የፋርማሲ ባለሙያነት ፈቃድ ለማግኘት ከዚያ በኋላ የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የታመመ ዘመድ።

ሕጉ አዲስ አልነበረም። ረውዳ ገና ሕፃን ሳለች፣ ሰዎች እስከ ዛሬ «የሽሮፑ ክረምት» እያሉ በሚያነሱት ጊዜ፣ የሳል መድኃኒት ተብሎ የተሸጠ ነገር በየከተማው ብዙ ልጅ ፈጀ። መርማሪዎች ከፋርማሲ ፋርማሲ እየዞሩ ሲጠይቁ አንድ ነገር ደጋግመው አገኙ። ከሻጮቹ መካከል ለገዛ ልጁ ከዚያ ሽሮፕ የሰጠ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው የገዛ ሥጋው የማይውጠውን መድኃኒት ለሌላ እንዳይሰጥ ተደነገገ። ፈቃድ የሚፈልግ ዋስ ያቀርባል። ዋሱ የሥጋ ዘመድ መሆን አለበት፤ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት የታዘዘለት መሆን አለበት፤ መድኃኒቱንም ከአመልካቹ መደርደሪያ እንጂ ከሌላ ቦታ እንዲወስድ አይፈቀድለትም። ክንዱ ላይ አምባር ይታሰርለታል። ፎቶው ከፋርማሲው መስኮት በላይ ይሰቀላል፤ ከፎቶው ሥር የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ቀን ከሌት ይታያል።

የቀረውን ሥራ ማሽኑ ይሠራዋል። ትእዛዙን ያነባል፣ ኪኒኑን ይቆጥራል፣ ያሽጋል። ሰው የሚፈለገው በእጁ እንዲያቀብልና በስሙ እንዲጠየቅ ነው። ደንበኛ መስኮቱ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ቀና ብሎ ፎቶውን ያያል። ከዚያ፣ «ዋስሽ እንዴት አደሩ?» ይላል። «ደህና ናቸው» ሲባል እጁን ይዘረጋል።

በረውዳ ክፍል ከሁሉም ጎበዝ የነበረው ናሆም ቤተሰቡ በሙሉ ጤነኛ ሆነበት። ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው የመስኖ ፓምፕ መሸጥ ጀመረ። የአንዷ ጓደኛቸው እናት ስኳር እንዳለባቸው በታወቀ ሳምንት ደግሞ ተማሪው ሁሉ ተሰብስቦ እንኳን ደስ ያለሽ አላት፤ ኬክም ተቆረሰ። እናትየው ከኬኩ ቀምሰው ምን ያህል ይጎዳኛል ብለው ሲጠይቁ ሁሉም እኩል መለሱላቸው፤ ሁሉም ያጠኑት ነገር ነበርና።

የረውዳ አባት ሞተዋል። እናቷ ዘሐራ ራስ ምታት እንኳ አታውቅም። የቀሩት የደም ግፊት ያለባቸው አጎቷ ብቻ ነበሩ፤ የእናቷ ወንድም ሰይድ አበጋዝ። ከጋሼ ሰይድ ጋር ደግሞ ቤቱ ተኳርፎ ነበር። አባቷ ያረፉ ዕለት እሳቸው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበሩ። ሾፌር አልባዎቹ ካሚዮኖች አዲስ በመጡበት ጊዜ፣ መኪኖቹን እየተከተሉ የሚጠብቁ የድሮ ሾፌሮች ነበሩ፤ ጋሼ ሰይድ ከእነሱ የመጨረሻው ናቸው። መኪኖቹን ትተው መምጣት አልቻሉም። ቀብር ካለፈ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሲደርሱ ዘሐራ በር አልከፈተችላቸውም።

ረውዳ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አጠገብ ካለው ቤታቸው ሄዳ ስትጠይቃቸው፣ ጋሼ ሰይድ እንደ ልማዳቸው አስፋልቱ ዳር ወንበር አውጥተው ሰው የሌለባቸውን ካሚዮኖች እየተቆጡ ነበር።

«እዪው ይሄን! ኩርባ ላይ እንዲህ ይያዛል?» አሏት ገና ሳትቀመጥ። «ምን እግር ጣለሽ?»

ነገረቻቸው። ጋሼ ሰይድ ሦስት ካሚዮን በዓይናቸው ሸኙ።

«ግፊቴ ለሰው ይጠቅማል ነው የምትዪኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ንገሪያትና ተመለሺ። ከኋላዋ ምንም አላደርግም።»

ዘሐራ ስትሰማ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። «ለቀብር ያልደረሰ ሰው ለዋስነት ይደርሳል?» አለች። ግን አትሂጂ አላለቻትም። ሰኞ ጠዋት የጋሼ ሰይድ ክንድ ላይ አምባሩ ታሰረ፤ ፎቶአቸውም አውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ፋርማሲ መስኮት በላይ ወጣ። ሳይስቁ ነው የተነሱት። ሾፌር ሳሉ በመንጃ ፈቃዳቸው ላይ የነበረው ፊት ነው።

የሙከራው ጊዜ ስድስት ወር ነው። ረውዳ የምትሠራው በአቶ ፍስሐ ሥር ነበር። አቶ ፍስሐ ነባር ባለሙያ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ መነጽራቸውን በየደቂቃው የሚያብሱ ሰው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም ችግር አልነበረም። ከችግር ይልቅ የሚያስቅ ነገር ይበዛ ነበር። ከተማው ጋሼ ሰይድን ለየ። መንገድ ላይ የማያውቃቸው ሰው እያቆመ፣ «ትናንት ማታ ትንሽ ከፍ ብለው ነበር፤ ምን በልተው ነው?» ይላቸዋል። ሥጋ ቤቱ ጮማ አልሸጥም አላቸው፤ ሰፈርተኛው ቤታቸው በመጣ ቁጥር ጨው ያለበትን ነገር እየደበቀ ይወጣል። ጋሼ ሰይድ ሲያማርሩ ይውላሉ፤ ረውዳ ግን ደስ እንዳላቸው ታውቃለች። መሪ ከለቀቁ ወዲህ እንዴት አደሩ ያላቸው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ዘሐራ በፋርማሲው በር ስታልፍ ቆም ብላ ቀና አለች።

«ከሳ እንዴ?» አለች።

«ፎቶው ነው እንደዚያ የሚያስመስላቸው እንጂ አልከሱም» አለች ረውዳ።

ዘሐራ ጥቂት ቆማ አይታ መንገዷን ቀጠለች።

በአምስተኛው ወር አዲስ የግፊት ኪኒን ጭነት መጣ። ማሽኑ እንደ ሁልጊዜው ፈትሾ አረንጓዴ መብራት አበራ። ጭነቱ መሰጠት ከጀመረ ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ አናጢ፣ «ይሄ አዲሱ ራሴን እያዞረኝ ነው» ብሎ መጣ። ረውዳ ስትለካው ግፊቱ ከወትሮው በጣም ከፍ ብሏል። ከሰዓት በፊት ደግሞ አንዲት ሴት ያንኑ ቃል ይዛ መጣች። ለካቻት፤ እሷም እንደዚያው።

ወደ ጓዳ ገብታ ለአቶ ፍስሐ ነገረቻቸው።

«ሁለት ሰው ምልክት አይደለም» አሉ። «ኪኒኑን ረስተው ይሆናል። በልተው ይሆናል። ተናደው ይሆናል። ምልክቱ ዋስሽ ነው። እሳቸው ጀምረውታል?»

«የበፊቱ አላለቀባቸውም። እሑድ ነው የሚጀምሩት።»

«በቃ እሑድን ጠብቂ።»

«እስከዚያ ብናቆመውስ አቶ ፍስሐ?»

አቶ ፍስሐ መነጽራቸውን አውልቀው ማበስ ጀመሩ። «አንድ ጊዜ አቁሜያለሁ» አሉ። «ኢንሱሊን ነበር። ዋሴ ሳትታመም በጥርጣሬ አቆምኩት። ያለ ምልክት ያቆመ ፋርማሲ ይዘጋል፤ ተዘጋን። ኢንሱሊኑ ሲመረመር ደህና ሆኖ ተገኘ። በተዘጋንበት ሳምንት ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዶ መግዛት ያልቻለ ሰው ሞተ። አውቀው ነበር ሰውየውን።» መነጽሩን መልሰው አደረጉ። «ደንበኛ ቆሟል፤ ውጪ።»

ረውዳ ወጣች። መስኮቱ ጋ ሰልፍ ነበር። ፊት የቆሙት እትዬ ተዋበች ናቸው፤ የእሷን ሒሳብ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርት። ቀና ብለው ፎቶውን አዩና፣ «ዋስሽ እንዴት አደሩ?» አሉ።

«ደህና ናቸው» አለች። ውሸት አልነበረም። ማሽኑ ያሸገውን አንስታ ሰጠቻቸው። ከእሳቸው በኋላ ለመጣው ሰጠች። ከዚያ በኋላ ለመጣውም። ከሰዓት በኋላ እስክትወጣ ድረስ ከአዲሱ ጭነት ለጠየቀ ሁሉ ስትሰጥ ዋለች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ደረቅ ወደቡ ሄደች።

ለዋስ ስለ መድኃኒቱ ምንም መንገር ክልክል ነው። ይህን ፈተና ላይ ተጠይቃ በትክክል መልሳለች። ጋሼ ሰይድ ሻይ ሲቀዱላት አልጠጣችውም።

«እሑድ የሚጀምሩትን አይጀምሩት» አለቻቸው።

«የትኛውን?»

«አዲሱን ኪኒን። የማይሠራ ይመስለኛል። አፍዎ ውስጥ አድርገው ይትፉት፤ እኔ ሌላ ከደሴ አመጣልዎታለሁ። ማንም አያውቅም።»

ጋሼ ሰይድ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «አምባሩ ምን ይላል ታዲያ?»

«ደህና ነዎት ይላል።»

«እኔ ደህና ስሆን ሰው ምን ያደርጋል?»

ረውዳ የሻይ ብርጭቆዋን ወደ ጎን ገፋች።

«ንገሪኝ እንጂ። ያ ሥጋ ቤት፣ ያ ሰፈርተኛ፣ የእኔን ፎቶ እያየ ይውጠዋል አይደል? እኔ ደህና ከሆንኩ መቼ ይቆማል?»

«ሌላ ቦታ ያለ ዋስ ሲታመም።»

«ሌላ ቦታ ያለውንም የእህቱ ልጅ ሄዳ ትፋው ብትለውስ?»

ከኪሳቸው ኪኒኑን አወጡ። የድሮውን ወደ ጎን አድርገው አዲሱን ከማሸጊያው ፈለቀቁ። ረውዳ እጃቸውን ያዘች።

«ጋሼ፣ ወላሂ እውነቴን ነው። ይታመማሉ።»

«ቁልቁለት ከመጀመሬ በፊት ፍሬኑን ረግጬ ነበር የማየው» አሉ። «ሲበላሽ የማውቀው ገና ላይ ሳለሁ ነው። እሑድ እጠብቃለሁ ብዬ ግማሽ መንገድ አልወርድም።» እጇን ቀስ አድርገው አነሱት። «የይማም ቀብር ላይ አልነበርኩም። መኪና ጠብቅ ተብዬ፣ ማንም ያልተቀመጠበትን መኪና ስጠብቅ ነበር። ዛሬ ሰው ስጠብቅ ደግሞ ተነስ ትዪኛለሽ?»

«ቢስሚላህ» ብለው ዋጡት፤ በሻዩ አወራረዱት።

ረውዳ የዚያን ቀን ሮጣ ሄዳ አቶ ፍስሐን ብትለምን፣ ወይም መስኮቱ ላይ ቆማ ብትጮህ ምን ይሆን እንደነበር በኋላ ብዙ ጊዜ አስባለች። አላደረገችውም። በነጋታው ሥራ ገባች። የአጎቷ ቁጥር ከፎቶው ሥር ቀስ እያለ ሲወጣ እያየች ሰጠች። ደንበኞቹም አዩት። «ዛሬ ደግሞ ምን በልተው ነው?» ብለው ሳቁ። ቁጥሩ ግን አልወረደም። በማግስቱ ሲጠይቁ አልሳቁም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አምባሩ ጮኸ፤ መስኮቱ በራሱ ተዘጋ። ጋሼ ሰይድ አስፋልቱ ዳር ከወንበራቸው ወድቀው ነበር የተገኙት። ስትሮክ ነው ተባለ። እዚያው ሰዓት ላይ ያ ጭነት ከሞያሌ እስከ ሁመራ ካሉ መደርደሪያዎች ሁሉ ተቆለፈ። ሲመረመር ኪኒኑ ቀለምና ስታርች ብቻ ሆኖ ተገኘ። የማሽኑ መፈተሻ ሽፋኑን እንጂ ውስጡን እንዳላየ ማታ በዜና ተነገረ፤ ይስተካከላልም ተባለ።

ዘሐራ ሆስፒታል ስትደርስ ወንድሟ ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም ነበር። ኩርሲ ስባ ተቀመጠች፤ ሾርባውን ከረውዳ እጅ ወስዳ በማንኪያ ታጎርሳቸው ጀመር። ከአፋቸው ጥግ ሲፈስ በመዳፏ ጠረገችው።

«አልሞትኩም» አሉ ጋሼ ሰይድ በተሳሰረ ምላስ። «በሩን ክፈቺልኝ።»

«ብላ ዝም ብለህ» አለች ዘሐራ፤ እንባዋ ሾርባው ውስጥ ወረደ።

የፈቃድ ጉባኤው ረውዳን ደሴ የጠራት በወሩ መጨረሻ ነው። ሰብሳቢዋ ዶክተር ትርሲት የሚባሉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሴት ነበሩ። እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። ዋሷ በትክክል ሠርቷል፤ በዚህ ዓመት በአገሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ሦስት ብቻ ነው፤ የሙከራው ጊዜ እንደተሟላ ይቆጠርላታል። አዲስ ዋስ እስክታገኝ ድረስም የእፎይታ ጊዜ ይሰጣታል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፤ ለሁሉም የሚቀርብ ነው» አሉ። «ዋስሽ መድኃኒቱን ከመውሰዳቸው በፊት ስለ መድኃኒቱ ከአንቺ የሰሙት ነገር ነበር? እሳቸውን ሆስፒታል ሄደን ጠይቀናቸዋል፤ ምንም አልሰማሁም ብለዋል።»

ረውዳ ለዚህ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። መንገድ ላይ፣ መኪናው የሐረጎን አቀበት ሲወጣ፣ «አልነበረም» የሚለውን ቃል በልቧ ስትለው ነበር። አጎቷ ለእሷ ሲሉ ዋሽተዋል። እውነቱን ብትናገር እሳቸውንም ውሸታም ታደርጋቸዋለች፤ የወደቁትም ለከንቱ ይሆናል። አፏን ስትከፍት ግን የመጣው ያ አልነበረም።

«ነግሬያቸው ነበር» አለች። «ይትፉት ብያቸዋለሁ።»

ዶክተር ትርሲት ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ውሃ ጠጪ። ጥያቄውን እንደገና ላንብብልሽ።»

«ገብቶኛል ዶክተር። ለእሳቸው ነገርኳቸው። እሳቸው እምቢ ብለው ዋጡት። በዚያው ቀን በመስኮት ለመጡት ሰዎች ግን ደህና ነው ብዬ ሰጠኋቸው። ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ሽሮፑን የሸጡት ሰዎችም ያደረጉት ይሄንኑ ነው። አጎቴ ባይሻሉኝ ኖሮ ከእነሱ የምለይበት ነገር አይኖረኝም ነበር።»

ከጉባኤው ዳር የተቀመጠ አንድ ሰው መስኮት መስኮቱን ያይ ጀመር።

«ይህን የተናገረ ሰው ፈቃድ አያገኝም» አሉ ዶክተር ትርሲት፤ የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከማቸው ይመስላሉ። «አላልሽም ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ከተማው ባለሙያ ይፈልጋል።»

«አውቃለሁ።»

«ከሁለት ዓመት በኋላ ማመልከት ትችያለሽ። በሌላ ዋስ።»

ጋሼ ሰይድ ሲሰሙ አልጋው ላይ ሊነሱ ሞከሩ። በደህናው እጃቸው ትራሱን መቱት። «ያን ሁሉ... ዋጥኩት እኮ!» አሉ። «አንድ ቃል... አንድ ቃል መዋጥ አቃተሽ?»

«አቃተኝ ጋሼ።»

አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ ግማሽ ፊታቸው ሳቀ፤ ሌላኛው ግማሽ እንደተኛ ነው። ዘሐራ ትራሱን መልሳ አስተካከለችላቸውና ሁለቱንም ዝም በሉ አለቻቸው።

በነጋታው ረውዳ የፋርማሲውን ቁልፍ ለአቶ ፍስሐ መለሰች። አቶ ፍስሐ መነጽራቸውን አላበሱም። «እኔም እኮ ውጪ ደንበኛ ቆሟል ያልኩሽ ነኝ» አሉና ቁልፉን ተቀበሏት። ከዚያ ወጥታ ሰፈር ለሰፈር መሄድ ጀመረች። እየጠረጠረች በሰጠችባቸው ቀናት በመስኮቱ የመጡትን ፊት ሁሉ ታስታውሳለች። አናጢው ሥራ ላይ ነበር፤ ደህና ነኝ አላት፤ ለምን እንደመጣች ስትነግረው ግን መዶሻውን ይዞ ጀርባውን ሰጣት፤ እስክትሄድም አልዞረም። ቀጥላ የሄደችበት ቤት ደጃፍ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ሰውየው በምን እንደሞቱ ማንም አልነገራትም፤ እሷም ለመጠየቅ አቅም አላገኘችም። ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጣ፣ ልጃቸው ሲወጣ ተከትላው ሄዳ ነገረችው። ልጁ ወደ ድንኳኑ እያየ፣ «ሌላ ቀን ነይ። ዛሬ አልችልም» አላት።

እትዬ ተዋበች ቤት ስትደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ጤነኛ ነበሩ።

«እትዬ፣ ያን ኪኒን የሰጠሁዎት እኔ ነኝ» አለች ረውዳ ደጃፉ ላይ እንደቆመች። «ስሰጥዎት ጠርጥሬው ነበር። አልነገርኩዎትም።»

«አልወሰድኩትም» አሉ እትዬ ተዋበች።

ረውዳ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ለምን?»

«ሌላ ጊዜ ስትሰጪኝ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ነው። የዚያን ቀን አላየሽኝም። አንድ ነገር አለ ብዬ መንገድ ላይ ጣልኩት፤ የእህቴን ኪኒን ተካፍለን ቆየን።» በኩራት ነበር የተናገሩት።

«ታዲያ ከኋላዎ ሰልፍ ነበረ...» አለች ረውዳ፤ ለመውቀስ አልነበረም፤ ከአፏ አመለጣት። «ለማንም አልነገሩም?»

«ለእህቴማ ወዲያው ነገርኳት፤ እሷም ከዚያ እንዳትገዛ» አሉ እትዬ ተዋበች።

ካሉት በኋላ ግን ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት ቀስ እያለ ወረደ። አንድ እጃቸውን የበሩ መቃን ላይ አድርገው ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ከኋላቸው ተሰልፈው የነበሩትን እሳቸውም ያውቋቸዋል፤ ብዙዎቹ ጎረቤት ናቸው።

«አሁን ወዴት ነሽ?» አሏት በመጨረሻ።

«አቶ ሙሔ ጋ። እሳቸውም ሰልፉ ላይ ነበሩ። ከወንዙ ማዶ ነው ቤታቸው።»

«ቆይ» አሉ። ወደ ውስጥ ገብተው ነጠላቸውን ደርበው፣ በሩን ቆልፈው ወጡ። «እኔም አብሬሽ ልሂድ።»